አንድ እጅ በኪስ

ደንዲ ላይ የካቲት፤ ቀኑ ሳይነጋ ይመሻል፣
ከቴይ ወንዝ የሚነሳ ነፋስ የጋራዡን ቆርቆሮ ይገርፋል።
ፈርገስ ያን ከባድ ኮምፒውተር እንደ ታመመ በግ ታቅፎ ገባና
"ፓወር ሰፕላዩ ሞቷል" አለ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ገና፤
"ስድስት ሳምንት ለፋሁበት። አዲስ አዝዣለሁ፤ ይሄን ጣይው።"
ኢሽቤል መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችው።
"ሞቷል ካልክ" አለች፣ "ማን ገነዘው?"

ወጣትነቷ ያለቀው በፋብሪካ ወንበር ላይ ነው፣
በቀን ሺህ ነጥብ በመበየጃ ጫፍ ስትነካው።
ፋብሪካው ተዘጋ። ጣቶቿ ግን አልሰሙም።

ከቴስተሩ በፊት አፍንጫዋን ላከች፤
"የከረመ ዓሣ ከሸተተህ፣ ካፓሲተሩ አልቅሷል" አለች።
አልሸተተም። አቧራ ብቻ፣ አንዲት የደረቀች የእሳት ራት፤
ፊውዙም ደህና፣ በመስታወቱ ውስጥ ሽቦዋ እንዳለች ናት።

ከዚያ ግራ እጇን ኪሷ ከተተች።
"እዚህ ውስጥ" አለችኝ፣ "ሦስት መቶ ቮልት ተኝቷል፤
ገመዱን ብትነቅለውም ለጊዜው ቂም ይይዛል።
በሁለት እጅ ከነካኸው፣ መንገዱ በልብህ በኩል ነው።"
እኔም ግራ እጄን ከተትኩ፤ ያገኘሁት
አንድ ሳንቲም፣ አንድ የአውቶቡስ ቲኬት።

ባዶውን ሳጥን አበራችው፦
ቲክ። ቲክ። ቲክ።
"ይኸው!" አለ ፈርገስ።
"የሞተ አይቆጥርም" አለች። "ሸክም ያልያዘ ትከሻ
ስለ ጉልበቱ ምን ይላል? ሥራ ስጠው መጀመሪያ፣
ከዚያ ጠይቀው።"
ከአሮጌ መኪና የተነቀሉ ሁለት አምፖሎች አሰረችበት፤
አንዱ ፍም መስሎ ቀላ፣ አንዱ ጋራዡን ሞላበት።
አምስት ነጥብ ዜሮ ሁለት።
አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ።
ኮምፒውተሩ ላይ ስትመልሰው ግን፣ ቲክ። ቲክ።

ለካ ፈርገስ ስድስት ሳምንት ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ከርሟል።
ሳጥኑ አልሞተም፤ እምቢ ብሏል።
ከወዲያ ማዶ አንድ ነገር ጉሮሮውን ይዞት ኖሯል፤
ሊተነፍስ ሲል እየታነቀ፣ እንደገና እየሞከረ፣
ቲክ ያለው ሁሉ "እኔ አይደለሁም" ነበረ።

ካርዶቹን አንድ በአንድ ነቀለች፤
በሦስተኛው ማራገቢያው ዞረ።
ከካርዱ ጥግ፣ ምስር የምታክል ቢጫ ጠብታ፣
አርባ ዓመት ያለ ስሞታ ኖራ፣ አንድ ጠዋት ተረትታ፣
ውስጧን ለመጣ ሁሉ በር አድርጋ ከፍታ።
ቴስተሩ ጮኸ። መቁረጫው ቀጨም አደረጋት።
ፈርገስ ከወለሉ አንስቶ በመዳፉ ይዞ አያት፤
"ለዚህች?"
"ለዚህች።"

አረንጓዴ ፊደል ከጥቁሩ ውስጥ ብቅ አለ፣
ጃንዋሪ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ፤ ልክ ካልሆነ አርሙኝ አለ።
"ተይው" አለ ፈርገስ፣ "ይመን። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመትሽ፣
ፋብሪካውም ክፍት፣ ጓደኞችሽም ከጎንሽ።"
ኢሽቤል አልመለሰችም።
ግራ እጇን ከኪሷ አወጣች፤
የዛሬን ቀን፣ ቁጥር በቁጥር፣
አንዴ ተሳስታ እየደለዘች፣
ጻፈች።