ደም እንዲህ አይቀላም

የፊልም ሊቅ አይደለሁም፤ ሥጋ ቆራጭ ነኝ፣
ቱሉ ዲምቱ፣ ሉካንዳ ቆሜ የምውል፣ ወገቤን የሚያመኝ።
ግን ቅዳሜ ማታ፣ መብራት ካልሄደብን፣
ናሆም ላፕቶፑን ትራስ ላይ አቁሞ አስፈሪ ሲከፍትልን፣
አብሬ አያለሁ። አስተያየትም አለኝ፣
ማንም ባይጠይቀኝ።

መጀመሪያ፣ ደሙ።
ደም እንዲህ አይቀላም!
ይሄ የቲማቲም ድልህ ነው፤ ቢበዛ ቀለም።
እውነተኛው ደም ገና ከቢላው ሳይወርድ
መጥቆር ይጀምራል፤ ይረጋል፣ እንደ ጭቃ ይሰነጠቃል ሲበርድ፤
ጋዋኔ ላይ ያለው፣ ሰባት ጊዜ ብታጥበው፣
ዝገት ነው የሚመስለው።
የነሱዋ ሴትዮ ግን፣ ከተወጋች ግማሽ ሰዓት አልፎ፣
ደሟ አሁንም ትኩስ፣ አንገቷ ላይ እንደ ሐር ሻርፕ ታጥፎ።

ደግሞ ሙዚቃው! በሩ ሳይከፈት ወሬ ያወጣል፤
እንደ ታክሲ ረዳት
"ፍርሃት! ፍርሃት! ሁለት ሰው የቀረው!" እያለ ይጣራል፤
የሰው ልብም ሂሳቡን አስቀድሞ ያዘጋጃል።

ጭራቁ ላይ ከናሆም ጋር አንስማማም። "አባዬ፣ በኮምፒውተር እኮ ነው፣
አንዷን ፀጉር ለመሥራት ስንት ሰው፣ ስንት ወር ፈጀው!"
ይሁን። ፀጉሩን አየሁት። ያምራል። ክብደት ግን የለውም።
መሬቱን ሲረግጥ መሬቱ አያውቅም፤
ጣውላው አይጮህም፣ አቧራ አይነሳም።
እኔ የበሬ ጎን ተሸክሜ ኖሬያለሁ፤
ክብደትን በትከሻዬ አውቀዋለሁ።

ድሮ፣ አቃቂ፣ ሸምሱ ቪዲዮ ቤት፣
ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን፣ ጣሪያው ሸራ በሆነበት፣
አንድ የጎማ ጭራቅ ነበር። ጎማነቱ ያስታውቃል፤
ብብቱ ሥር ስፌቱ ተተርትሮ ይታያል፤
የአንድ ዓይኑ አምፖል ይጠፋል፣ ይበራል።
ግን በሩን ሲገፋ በሩ ተገፋ፤
ሰው ነበረ ጎማው ውስጥ፣ በላብ ተነክሮ የሚለፋ።
ፈራን። ሸምሱ ራሱ፣ ካሴቱን በቀን ሦስቴ የሚያጫውተው፣
እዚያ ጋ ሲደርስ "ሲጋራ ላጭስ" ብሎ ነበር የሚወጣው።

ሌላም አለኝ። ድምፅ ሰምታ፣ መብራት በሌለበት፣
ለብቻዋ ምድር ቤት የምትወርድ ሴት
"ጅል ናት" አልኩት ናሆምን። "የኛ ሰው እንዲህ አያደርግም፤
በሩን ቆልፎ፣ ሥላሴን ጠርቶ ይተኛል እንጂ አይወርድም።"

ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ
መብራት ሄደ።
የላፕቶፑ ባትሪ ሙት ነው፤ ጭራቁም አብሮ ሄደ።
በመስኮት አየሁ፤ ብሎክ አሥራ ሰባት በርቷል፣ አሥራ ስምንት በርቷል፤
የኛ ብቻ። ምድር ላይ፣ ደረጃው ሥር፣ ብሬከሩ ወርዷል።
ናሆም አየኝ። ባያየኝም ማየቱን አወቅሁ።
ጫማዬን በእግሬ ፈለግሁ።

አራት ፎቅ ነው። የደረጃውን መደገፊያ ሌባ ነቅሎ
ለቆራሌው ሸጦታል፤ ግድግዳ ታክኮ ነው የሚወረድ፣ ቀስ ተብሎ።
ሦስት ፐርሰንት የነበረው ስልኬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሞተ።
ከካባው ወዲያ ጅብ ጮኸ። እሱስ ደንበኛዬ ነው፣ ስንት ዓመት አጥንት የሸመተ።
ያስደነገጠኝ ከሥር ነበር፦
ጧ። ዝምታ። ትንፋሽ። ደግሞ ጧ፣ ሲሚንቶ ለሲሚንቶ ሲነጋገር።
የሚወጣው ነገር ክብደት ነበረው፤
እያንዳንዷን እርምጃ ውስጥ እግሬ ሰማው።
ሙዚቃ የለም። የሚያስጠነቅቅ ማንም የለም።
ሃያ ዓመት ደም ያየሁ ሰውዬ፣ የራሴ ደም
የት እንደገባ አላውቅም።

"ማነው?" አልኩ፣ ልክ በሴትዮዋ ድምፅ፣ ቀጥኜ።

"እኔ ነኝ፣ ዘርፌ፣ ከሦስተኛ። ውሃ መጥታለች እኮ ከታች፤
ጀሪካኑ ገደለኝ" አለች።
ተቀበልኳት። ሃያ አምስት ሊትር። ትከሻዬ ወዲያው አወቀው፤
ሳቅ አመለጠኝ፣ እንደ ልጅ፣ ለመያዝ ያቃተው።
"ምኑ ነው የሚያስቅህ፣ ጋሽ ቱፋ?" ብትለኝ
የምመልሰው ጠፋኝ።

በሯ ድረስ አደረስኩላት። ቤቴ ገባሁ።
"መብራቱስ?" አለ ናሆም ከጨለማው።
ለካ ብሬከሩ ጋ አልደረስኩም።
"ነገ" አልኩት። ደግሜ አልወርድም።
ያቺ ሴትዮም፣ አሁን ሳስበው፣ ጅል አይደለችም፤
መብራት ልታበራ ይሆናል የወረደችው።
ማንም አልጠየቃትም።