ከእጀታው በላይ

ማርካም ውስጥ፣ ከጎማ ቤቱ ጀርባ፣
ስድስት ሜዳ ያቀፈ መጋዘን፤ ጣሪያው ብረት ላይ የቀረ ላባ፤
እኔ ከበሩ ጥግ፣ ከማሽኔ ጋራ፣
ክር መወጠር ነው የማታ ሥራ።

ደንበኛ ራኬቱን ሰጥቶ ስሙን ይነግረኛል፤
እኔን ግን አስቀድሞ ቁጥሩ ያምረኛል።
ከእጀታው በላይ፣ ቆቡ ላይ፣ በሌዘር የተጫረ፣
ከጤፍ ጥቂት ቢበልጥ ነው፣ ቸኩሎ ላየው የተሰወረ፤
ሁለቱ ቀን፣ ሁለቱ ወር፣ አንዷ የዓመቱ ጭራ፣
ከዚያ ሁለት ፊደል፤ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ።
ሰው ሲወለድ እንኳ እንዲህ አይጻፍለትም፤
ለኔ ልደት «ክረምት ሊወጣ ሲል» ከማለት በቀር እናቴ ቀን የላትም።

ደብተር አለኝ፣ ሰማያዊ፣ ጥጉ የተላጠ፣
የስንቱን ዕቃ ገበና በየቁጥሩ ያስቀመጠ፦
ቀለሙ ያኮረፈ፣
ቀዳዳው ከመስመር ያለፈ፣
ዘንጉ በፀጉር ያህል ወደ ግራ ያደላ፣
ሆዱ ውስጥ የደረቀ ሙጫ እንደ ጽናጽል የሚያንቃጭል፣ ቀለበቱ የላላ።
አንድም ነበረ፣ ዓርማው ተገልብጦ የታተመ፤
ባለቤቱ ወዶት፣ ስምንት ዓመት ያገለገለ፣ አንድ ቀን ያልታመመ።

በጥር አንድ ማክሰኞ፣ ጆስሊን ከአባቷ ከሚስተር ቴኦ ጋር፣
አዲስ ራኬት ይዛ መጣች፤ ጫማዋ የመንገድ ጨው አለበት ዳር ዳር።
«ሃያ ስድስት ፓውንድ፤ ቅዳሜ ግጥሚያ አለብኝ» አለች።
ድሩን ጨርሼ፣ አሥራ ስድስተኛው ማግ ላይ ስደርስ፣ ራኬቷ ቀጭ! አለች፤
ፍሬሙ ሰዓት ቢሆን፣ በነሱ ሁለት፣ በኛ ስምንት በሚባለው፣
የስንጥቁ ሆድ ሙጫ ያልሞላው ባዶ ኪስ አለው።

«አንተ ነህ የሰበርካት!» አለ አባት፤ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ዞሩ።
ደብተሬን ገለጥኩለት፦ አሥራ አራት፣ ዜሮ ሦስት፤ አምስት ናቸው ቢቆጠሩ፣
የአንድ ቀን ልጆች፣ ሁሉም እዚያው ቦታ የተሰበሩ።
አየ። ደጋግሞ አየ። ንዴቱ አድራሻ ቀየረ፤
«ምን ዓይነት ሰው ነው» አለኝ «ይህን እያየ ያሻገረ?»

ዝም አልኩ።

ኤጃክስ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ፣ የሌሊት ፈረቃ፤
የማኅተሜ ቁጥር ሠላሳ ስምንት፤ ያለሷ አያልፍም ዕቃ።
አንድ ሐሙስ፣ ሊነጋ ሲል፣ ጥርሴ እየጠዘጠዘኝ፣
ከበር ማጠፊያዎች መሃል አንዱ ስንጥቅ ይዞ መጣ፤ አየሁት፤ እሱም ያየኝ መሰለኝ።
መስመሩን የሚያስቆመው ቀይ ቁልፍ አራት ርምጃ ነበረ።
ማኅተሜን አነሣሁ። ሠላሳ ስምንት። ዕቃው ተሻገረ።
ዛሬ ምናልባት ሳስካቱን መንገድ፣ ከአንዱ በር ጋር ታስሮ፣
ሕፃን ተደግፎት ያንቀላፋል፣ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ፤
ደብተር ይዞ የመጣብኝ የለም።
ጥርሴ ተነቅሏል፤ ያ ሌሊት ግን አልተነቀለም።

ለሚስተር ቴኦ «የደከመው ይሆናል» አልኩት፤ ከአንገት በላይ።

ሐሙስ ምትኳ ከአከፋፋዩ መጣች፣ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለች፤
ቆቡን ወደ መብራቱ አዞርኩ። አሥራ አራት። ዜሮ ሦስት። ያቺው ነች።
ለጆስሊን ነገርኳት፣ ቁጥሩን፣ ኪሱን፣ ስንጥቁን፤
«ሃያ ሁለት ይብቃት፣ ወይ ትመለስ» አልኳት፤ የኔን ግን ዋጥኩት ሐቁን።
ማስቲካዋን አላመጠች፤ ታስብ ይሆን?
«ሃያ ስድስት» አለች። «ከተሰበረች እዚሁ ትሰበር፣ ቅዳሜ ሳይሆን።»

ለማሽኑ በስድስት ጣቱ አስያዝኳት፤ ጆሮዬን ከጎኗ አስጠጋሁ፤
የሜዳው ጫጫታ ራቀ፤ ከክሩ በቀር ሌላ አልሰማሁ።
አሥራ አራተኛው ማግ።
አሥራ አምስተኛው፤ ትንፋሼን ያዝኩ።
ጆስሊን ማላመጥ አቆመች።