ሁለት ሸክላ፣ አንድ አሸዋ

የመድኃኒት ቤቱን መዝገብ የያዝኩት እኔ ነኝ፣
ባቲ ጤና ጣቢያ፤ ቁጥር ነው ያመመኝ።
ኢንሱሊን ስሰጣት ሉባባን በጥር፣
“ፍሪጅ ውስጥ አኑሪው” አልኳት በምክር።
ፍሪጅ! መብራት በሌለበት፣ በባቲ ፀሐይ፣
ቆርቆሮ እንደ ፍም በሚግልበት ላይ።

በግንቦት አባቷ ብልቃጡን መለሰ፤
ግማሽ ነው የቀረው። ዓይኑን አበሰ።
“ለሌላ ልጅ ይሁን” አለኝ። መናገር አልቻልኩም፣
ሙቀት የገደለው ውሃ ነው ልለው አልጨከንኩም።

ዶክተር ጦይባ እንድሪስ ስትመጣ ከደሴ፣
“ደግሞ አንድ ተመራማሪ” አልኩኝ ለራሴ፤
የኛ ሰው ደም ይሰጣል፣ እነሱ ያትማሉ፣
ስማችን ሲቀር፣ ስማቸውን ይዘው ይሄዳሉ።
እሷ ግን መዝገቤን ሌሊቱን አነበበች፣
የሉባባን መስመር በጣቷ ዳበሰች፣
“ይህቺን ልጅ ስኳር አይደለም የገደላት” አለች።
ሌላ አልጨመረችም።

ማግስቱን ወረደች ሸክላ ሠሪዎች ሰፈር፣
ሰው “ቡዳ” እያለ ወደሚሸሸው መንደር።
“ውሃ የሚያልበው ገል አለሽ ወይ?” አለቻት፤
ይመኙሽ ከጭቃዋ ቀና ብላ አየቻት፣
ሳቀች፦ “የማያልበው ነው የቸገረኝ እኔን!
ማላብ ማን አስተማረው ይሄን ጭቃዬን?”

ትልቅ ማሰሮ፣ ትንሽ ማሰሮ፣ በመሃሉ አሸዋ፣
ጧት አንድ ጣሳ ውሃ፣ ማታ አንድ ጣሳ ውሃ።
ይኸው ነው።
ሦስት በጋ ግን ፈጀ። የፊተኛው ተሰነጠቀ፣
ሁለተኛው ጨው አውጥቶ ደረቀ፣
ረጂው ድርጅት “አልተራቀቀም” ብሎ ገንዘቡን ነጠቀ።
በደመወዟ አሸዋ አስጫነች፣
ከሞተሬ ኋላ ተፈናጣ፣ ቤት ለቤት ዲግሪ ቆጠረች።
ውጪው ሠላሳ ስምንት፤ ውስጡ ሃያ አራት።
እጄ ተንቀጠቀጠ ያቺን ቁጥር ስጽፋት።

ዘንድሮ ደሴ ላይ፣ አዳራሽ ሞልቶ፣ ሸለሟት፣
የመስታወት ዋንጫ አስያዟት።
“የፈጠራ መብቱስ?” ብሎ አንዱ ሲጠይቃት፣
“አሸዋን ማን ያጥረዋል?” ብላ ተቀመጠች አሉ።
የታተመውን አየሁት። ከስሟ ቀጥሎ፣ እዚያው ከላይ፦
ይመኙሽ ቢሰጥ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ባቲ።
ይመኙሽ ማንበብ አትችልም፤ ጣቷን ይዤ አሳየኋት፣
“ትንሽ ነኝ” አለች።

አሁን መደርደሪያዬ ሥር ማሰሮ ተደርድሯል፣
ብልቃጥ የወሰደ ሁሉ ማሰሮም ይወስዳል።
የሉባባ አባት ሰኞ ሰኞ ያልፋል በደጄ፣
ፍየሉን እየነዳ፤ ሰላም ይለኛል አንስቶ እጁን፣
ለማን እንደሰጠሁት ጠይቆኝ አያውቅም ያን ግማሽ ብልቃጥ።

እኔ ጋ ነው። በተሰነጠቀው፣ በፊተኛው ማሰሮ።
አንዳንድ ጧት፣ ሰው ሳይመጣ፣
አሸዋውን ውሃ አጠጣዋለሁ።