የጣሪያው ድርሻ

ጻፍ የፕሪዘርክ ልጅ፣ ብዕርህን አንሳ፤
ሰማንያ አንድ ሞላኝ፣ ሳልሄድ፣ ሳልረሳ።
ስሜ ኤሊነድ ነው፤ የኢፎር ሚስት ነበርሁ፣
ጥቁር ድንጋይ ፈላጭ አግብቼ የኖርሁ፣
አቧራው ሳንባውን እንደ ብል ሲበላው
ሌሊት ሌሊት ሳሉን ቆጥሬ ያደርሁ።
ዝናቡን አትመልከት፤ እዚህ ዌልስ ምድር
ዝናብ ቤተኛ ነው፣ መች እንግዳ ሆኖ ያድር።

ቤቱ ለነስት ይሁን፤ እሷ ናት የጦረችኝ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ክኒን የቆጠረችልኝ።
ሰዓቱ ለግዊልም፣ አውስትራሊያ ላለው፣
እንኳን ሰዓት ቀርቶ ቀኑ ለተለየው።
ይዘገያል በለው፣ በሰባት ደቂቃ፤
አባቱ ሲሞላው እንዲያ ነበር፣ በቃ።
«የባንኩስ ገንዘብ?» አልክ። እሱን አልነካሁም፤
የሳንባው ካሳ ነው፣ ዳቦ አልገዛሁበትም፤
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ወለዱን አላየሁም።

አሁን ጆሮ ስጠኝ። በሩንም ግፋልኝ፤
ያቺም ጸሐፊህ መተየቡን ትተውልኝ።

ከመንደራችን ጫፍ ኮሬብ የሚባል አለ፣
ጸሎት ቤት፣ ሰባት ሰው ብቻ ያዘለ፤
ሰባኪው በወር አንዴ ለሰዓት የሚመጣ፣
ባራት ድምፅ ዘምረን ወፍራሙ የሚታጣ።
ጣሪያው ያፈስሳል፤ በስተኋላ ወንበር፣
ልክ ኢፎር በቁሙ ይቀመጥበት ከነበር።
ባልዲ ወስጄ አኖርሁ፣ ከቤቴ፣ ሰማያዊ፤
«ይቺ ሴት» አሉኝ «ልቧ ምንኛ መንፈሳዊ!»
ጠብ… ጠብ… ሲል በዝማሬው መሐል፣
ያ ውሃ ለእኔ ብቻ በስም ይጣራል።

ካባው የተዘጋ ጊዜ፣ ደመወዝ ሲጠፋ፣
ኮሬብ አዘነችለት፤ «ክደነኝ» አለች በይፋ።
ክደነኝ አለችው።
ከደናትም።
ካዳትም።
ወፍራም ወፍራሙን መርጦ፣ ሁለት መቶ ድንጋይ፣
በሌሊት፣ በእጅ ጋሪ። ዛሬም አለ እኔ ቤት ላይ።
ለእግዜር ቤት ስሱን፣ ስንጥቁን፣ ከጫፉ የጎደለውን።
ነስት ጨቅላ ነበረች፣ አልጋዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፣
ብዬ እንዳልከራከር —
ፋኖሱን ማን ያዘ? እኔ ነኝ የያዝሁት።
የሰፈሩን ውሻ በዳቦ ያታለልሁት።
ሃምሳ ዓመት አለፈው፤ አንዲት ጠብታ እንኳ
አልዘለቀችብን፤ ደረቅ ነው ቤታችን፣ እንደ ባዶ ታንኳ።

ኑዛዜ ይሉታል ሀብት ሲከፋፈል፣
ኑዛዜ ይሉታል የልብ ሲገለጥ በደል፤
እኔ ለሁለቱም አንድ ወረቀት ይበቃኛል፤
ያንተ ዋጋ በሰዓት ነው፤ መመላለስ ይከብደኛል።

እንግዲህ እንዲህ በል፦ ቤቱ የነስት ነው፣ ጣሪያው ግን የኮሬብ።
«አይሆንም» አልክ? «ቤት ያለ ጣሪያው በሕግ አይወረስም»?
አባትህም እንዲህ ነበር፤ ማሰሪያው ቀድሞት የሚደርስ።
እሺ። በሳንባው ገንዘብ የነስት ቤት ይከደን ባዲስ፣
የድሮው ድንጋይ ወርዶ ወደ ኮሬብ ይመለስ፣
እየቆጠራችሁ፤ ሁለት መቶ፣ ከዚያ አያንስ።
የሚተርፍ ካለ ለሰባኪው ነዳጅ፤
ያቺ አሮጌ መኪናው ዳገት ላይ ታቃስታለች።

«ኮሬብ ከርሞ ቢዘጋስ?»
…
አስቤበታለሁ። ሰባት ነን፤ ታናሻችን ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው።
ቢሸጥ፣ ጋራዥም ቢሆን፣ በግ ቢያድርበትም፣
ክደኑት። አበዳሪው ቢሞት ዕዳው አይሞትም፤
ዝናብም «ምእመን ነህ?» ብሎ ጠይቆ አይዘንብም።

ምክንያት የሚል መስመር ቅጹ ላይ የለም? ይሻላል።
ምስክር ካነሰህ ዳቦ ጋጋሪውን ጥራው፣
እጁ ዱቄት ቢሆንም መፈረም ያውቃል።
ነስት ግን ታውቀዋለች። ድንጋዩን ሲያወርዱት
የአባቷን የጠመኔ ቁጥር ከጀርባው ታያለች፤
ያኔ እኔ የለሁም፤ የፈለገችውን ትበል።

የት ጋ ልፈርም? እዚህ?
ቆይ። አንድ ነገር ቀረ፤ ያ ሰማያዊ ባልዲ።
ጣሪያው ከተሠራ በኋላ እንዳያነሡት በል።
ባለበት ይቀመጥ።
ደረቁን።