ጎሸም

ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ፒያሳ መሀል ላይ፣
ሁለት ሰው ሲገባ
ሦስተኛው ደጅ ሆኖ ዝናብ የሚመታው
አንዲት ሱቅ አለችኝ፤
የሞተ ስልክ ሁሉ በጀርባው ተኝቶ
"ቀስቅሰኝ" የሚለኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ካፊያው እንዳባራ፣
ጋሽ ሽብሩ መጡ፤
እንደታመመ ልጅ ከኮታቸው ጉያ
ስልካቸውን አወጡ።
ባለ ቁልፍ ስልክ ናት፣ ቁጥሯ የደበዘዘ፣
ወገቧ በላስቲክ ዞሮ የተያዘ።

"ድምፅ ጨምርልኝ" አሉ።
"ምን ያህል?" አልኳቸው።
"አቤት?"
"ምን ያህል ልጨምር?"
"እ?"
በጣቴ ጣሪያውን አሳየኋቸው።
"እሱ ነው፤ ከቻልክም ቆርቆሮውን ይብሳው።"

አራት ኪሎ ሲያትሙ የሰው ሁሉ ሥራ
አርባ ዓመት ቆመዋል ከማሽኑ ጋራ።
ቀጫጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ ጥሎ የሄደ፦
የወፍ፣ የፉጨት፣ የሻይ ብርጭቆ፤
የሴት ድምፅ ቀጠለ፤
የወንዱ ቀረላቸው፣
እሱም ጆሮ ሥር ገብቶ፣ ጮኾ፣ ተጨንቆ።

ፈታኋት።
በጥርስ ብሩሽ ጠረግኩ
የኪስ ጥጥ፣ አቧራ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፤
ከተሰበረ ታብሌት ስፒከር ነቅዬ
በየድኩላት፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ።
ክዳኗ እምቢ አለ፤ ጠርዙን ሞረድኩት።
ጥሪም መረጥኩላት፣
የሠርግ መኪና ጥሩምባ የሚመስል።

ደወልኩ።

እግዚኦ!
ከሰዓት ሠሪው ከሸምሱ እጅ መፍቻው ወደቀ፣
ሊስትሮው ብሩሹን ጥሎ ሳቀ፣
የወርቅ ቤት ዘበኛ ሮጦ መጣ፣ "ምን ተሰረቀ?"
"አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" ይል የነበረው ወያላ
አፉን እንደከፈተ ቀረ።
ጋሽ ሽብሩ ብቻ
ግድግዳዬ ላይ የአምናውን ካላንደር ያያሉ፣
ተረጋግተው።

አፈርኩ።
"አልሆነም፣ ጋሼ" አልኩ ጆሯቸው ሥር ሆኜ፤
"ከዚህ በላይ ካልኩኝ ስልኳ ትፈነዳለች።"
እሳቸው ግን ደጁን አዩ፤ ዘበኛውን፣
ተንበርክኮ መሬት የሚዳብሰውን ሸምሱን፣
ሆዱን ይዞ የሚስቀውን ልጅ።
"እነሱ ሰምተዋል?"
"አገር ነው የሰማው!"
"ታዲያ ምን ጎደለ? እኔ እንድሰማውማ አይደለም ልጄ።
አጠገቤ ያለ ሰው ሰምቶት፣ ተማሮ፣
'ኧረ ስልክዎን!' ብሎ
ጎሸም እንዲያደርገኝ ነው።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።
ዝቅታው የት ድረስ እንደሆነ አያውቁትም፤
ለመንገዱ ሁሉ ተሰማ፦

"ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ፣
እኔ የእድር ስብሰባ ላይ፣ ከስድሳ ሰው መሀል፣
አሥራ አንድ ጊዜ ደውላ ነበር።
ይቺ ስልክ ኪሴ ውስጥ እንደ ጫጩት ጮኻ ጮኻ
ማን ይስማት?
ስድሳ ሰው፣ መቶ ሃያ ጆሮ፤
ለእኔ የሚተርፍ አንድ ጠፋ።
አሥራ ሁለተኛ ጥሪ አልነበረም።"

ሊስትሮው ብሩሹን አነሳ።

"ስንት ነው?"
"ሁለት መቶ" አልኳቸው።
"አቤት?" አሉና ሦስት መቶ ሰጡኝ።

ታክሲ ውስጥ ሲገቡ አየሁ፣ መስኮቱ ሥር፤
መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ቆሟል።
እጄ አላስቀመጠኝም። ደወልኩ።
ጥሩምባው ተነሳ፤
ቲማቲም የያዘች ሴት ትከሻቸውን ነካች፣
ከኋላ አንድ ወታደር፣
ወያላው ኮታቸውን ሳበ፤
በአንድ ጊዜ ሦስት እጅ።
"ሃሎ!" አሉ፤ ያለ ስልክም ይሰማኝ ነበር።
"ማን ልበል? አልሰማህም! ማንም ሁን፣
አለሁ፤ ደውል!"

አመሻሹ ላይ ሱቄን ስዘጋ
ሸምሱ በባትሪ ከንጣፉ ስንጥቅ ይፈልጋል፣
ከመፍቻው ጋር የወደቀች
የሴት ሰዓት ብሎን፤
ከሰሊጥ ታንሳለች፣
ስትወድቅ ማንም አልሰማትም።