በግንዱ ላይ ያለው ቁጥር

አባቴ ኤርሚኒዮ ቡሽ ገፋፊ ነበር፤
በሐምሌ ንዳድ፣ በአለንቴዦ ምድር፣
መጥረቢያውን አሹሎ ከዛፍ ዛፍ ሲዞር።
ቅርፊቱን ያወልቃል፣ ሥጋውን አይነካም፤
የቆሰለ ዛፍ ዳግም ልብሱን አይተካም።
ጨርሶ ሲወርድ፣ ነጭ ቀለም ነክሮ፣
የዓመቱን ጭራ ቁጥር ግንዱ ላይ ሞነጫጭሮ፣
«በል ደህና ሁን» ይለዋል፣ እንደ ሰው ቆጥሮ፣
«እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት! ይኸው ነው ቀጠሮ።»

እኔ ልጁ ዴኦሊንዳ፣ ዐርባ አንድ ነው ዓመቴ፤
በቡሽ ፋብሪካው ውስጥ ያልቃል ቀንና ሌቴ፣
ለወይን ጠርሙስ የሚሆን፣ የማይሆን እየለየሁ።
የተረፈችኝን ዩሮ በብስኩት ቆርቆሮ አቆየሁ፣
ዐሥር ዓመት።
ታማኝ ነው ቆርቆሮ፤ አንድ ቀን አላታለለ፤
ያኔ ዘንቢል የሞላው ግን ዛሬ ከአንገቱ ጎደለ።
መዝጊያው ሳይሰበር፣ ሌባ ሳይገባ፣
እንዴት ነው ሰው የሚዘረፍ?

ሒሳብ ክፍል ያለችው ኢዳሊና ሰማችኝ፤
በምሳ ሰዓት፣ በናፕኪን ላይ አስተማረችኝ።
«አንድ ዛፍ አትግዢ፣ ማን ያውቃል ቢነቅዝ?
ጫካውን ግዢ እንጂ፣ ከየግንዱ ይያዝ።
ያስተዳዳሪው ክፍያ ስንት ነው? ጠይቂ፤
ምስጥ ድምፅ የለውም፣ አንቺ ቀድመሽ ንቂ።
የስድስት ወር ቀለብ ቆርቆሮው ውስጥ ይደር፤
የነገ እራት አይደለም ጫካ የሚዘራ ዘር።
ወለዱንም አትብዪው፣ ተዪው ይውለድበት፣
ልጁም ልጅ ይውለድ…»
«እስከ ስንት ዓመት?»
ስላት፣ መስመሯ ሽቅብ ሲወጣ ናፕኪኑ አለቀባት።

በወር ሃምሳ ዩሮ፣ ብዬ ጀመርኩና፣
ሦስት ወር ሳይሞላኝ ገበያው ታመመና፣
አስታማሚ ሆንኩ። ንጋት ላይ ስልኬን ከፈት፣
ቀይ። ዘጋ። ደግሞ ከፈት። ቀይ። ደግሞ ሌሊት፣
ትኩሳት እንዳለው ልጅ ግንባሩን ዳሰስ፣ ዳሰስ፤
አንዴማ ጣቴ «ሽጥ» ከሚለው ትንሽ ቀራት ልትደርስ።

ትናንት፣ ከጫካ የመጣውን ክምር ስለይ፣
አንድ ሰባት አየሁ በቡሹ ጀርባ ላይ፤
ጭራው እንደ ማጭድ የታጠፈ፣
ወገቡን አንድ ጭረት ያለፈ።
የአባቴ እጅ።
ከሞተ አራት ዓመቱ።
በመካከል ድርቅ ነበር፣ ማዶ ኮረብታው ላይ እሳት፤
«ወፈርክ ወይ?» ያለው የለም፣ በየማለዳው መጥቶ ማንም አልለካት፣
ያችን ቅርፊት።
ሁለት ጣት ወፍራ መጣች።
ሚዛን ላይ ከማኖሬ በፊት ጥቂት ያዝኳት፤
ተቆጣጣሪው «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

ማታ በስልኬ ጀርባ፣ በልጄ የጥፍር ቀለም፣
ስድስት ቁጥር ጻፍኩ።
እውነቱን ልናገር? ቅዳሜ ከፍቼ አየሁት።
አሁንም ቀይ ነው።
ሃምሳዋን ላክሁና ዘጋሁት።