የኖራ መስመር

ጠባሴ ዳገት ላይ፣ ነፋስ በሚያልፍበት፣
ሁለት መቶ ካሬ ደረሰን ለአንድ ቤት።
ገና ድንጋይ የለም፣ አሸዋም አልመጣ፣
ባሌ ግን በሐሳብ ደረጃውን ወጣ።
ላቀው ስልኩን ይዞ ፎቶ ያሳየኛል፦
«ሳሎኑ ፊት ለፊት መስታወት ይሆናል፣
ጣሪያው ከፍ ይላል፣ ጂፕሰም አበባ አለው፣
መንገደኛ ቆሞ ‹የማን ነው?› እንዲለው።»

«መንገደኛው» አልኩት «በኅዳር ሌሊት
ይመጣል ወይ ሊያድር በመስታወት ቤት፣
ውርጩ ከመስኮቱ ዳንቴል ሲሠራበት?
በደብረ ብርሃን ብርሃን ሞልቷል፣ ሙቀት ግን ብድር ነው፤
የሚከፈለውም ሌሊት ነው።
ያ ሰፊ ሳሎንህ፣ የከተማው ፋብሪካ
ብርድ ልብሱን ሁሉ ቢያለብሰው አይረካ።»

እሱ ብሎኬት ይላል፣ ቶሎ እንዲያልቅ፤
እኔ ድንጋይ፣
ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ ብሎ የሚለቅ።
ውበት ጠልቼ አይደለም፤ በሩ አረንጓዴ ይሁን ብያለሁ፣
የተጠረበ ድንጋይ ፊቱን ሳይለሰን ማየት እወዳለሁ፤
ግን ልጅ ቀኑን ሙሉ «አትንኪ» የምትባልበት ከሆነ፣
ያ ቤት መሆኑ ቀረ፣ ሱቅ ሆነ።

እናም ማታ ማታ፣ በልጄ ደብተር፣
ክፍል ስደምር፣ ኮሪደር ስቀንስ ነበር፦
አማቼ ባሻ ደምሰው፣ ዓይናቸው የደከመ፣
ጉልበታቸው ደረጃ ፊት ቀድሟቸው የቆመ፣
ለእሳቸው አንድ ክፍል፣ መጸዳጃው አጠገብ፣
ግድግዳው በዳበሳ የሚነበብ።
ለሶልያና፣ መሮጥ ለማይታክታት፣
የጠረጴዛው ጥግ ክብ ይሁን፣ ግንባሯን እንዳይመታት።
ለበአምላክ ሰፊ የመስኮት ደፍ፣ ደብተር የሚዘረጋበት፣
መብራት ሲጠፋ የጀንበር ፍርፋሪ የሚለቅምበት።
ለእኔ ቁመቴን የሚያውቅ መደርደሪያ፣
ደጅ ላይ የጭቃ ጫማ ማራገፊያ።
ለላቀው ግን—እርሳሴን ነከስኩት—
ላቀውን ያህል ሰው ከቤቴ ረሳሁት።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ግንበኛው ዘውገ መጣ፣
ከከረጢቱ ገመድ፣ ችካል፣ ኖራ አወጣ።
«ወረቀት» አለ «ሁሉን ይሸከማል፣ አይናገርም፤
እግር ግን ካልሄደበት አያምንም።»
የእሱንም የእኔንም አደባልቆ መሬቱ ላይ አሰመረ፤
ቤታችን ሣሩ ላይ፣ ነጭ ሆኖ፣ ጀመረ።

«በሉ ኑሩበት» አለን። ኖርንበት፣ አንድ ቀን ሙሉ።
በአምላክ ግድግዳ ጥሶ ሲያልፍ «በር የለም!» አሉት ሁሉ።
ባሻ በከዘራቸው መስመሩን ተከተሉ፤
የላቀው መስታወት ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው፣
«እዚህስ ባለቤቱ ነፋሱ ነው» አሉ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው።
ላቀው ዝም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሶልያና ጠፋች። ስንፈልጋት፣
ከሳሎኑ ጥግ፣ ፀሐይ ከነፋስ ተሸሽጋ በተቀመጠችባት፣
ጫማዋን ከኖራው ውጭ አውልቃ—ማን ነገራት?—
ደረቅ ሣር ላይ ተኝታ አገኘናት።

ላቀው አጠገቧ ተቀመጠ። እግሩን ዘረጋ።
«መስታወቷን» አለው ለዘውገ «አምጣት፣ እዚህ ጋ፤
ትንሽ ትሁን፣ ሁለት ሰው ፀሐይ የሚሞቅባት፣
መንገደኛ የማያይባት።»
የረሳሁትን ቦታ ራሱ ተቀመጠበት፤
እርሳሴን ከጆሮዬ አውርጄ አሰመርኩበት።
ዘውገ ሳቀ፦ «ድንጋይም በጉልበት አይገጥምም፤
ጎረቤቱን ካላየ ቤት አይመታም።»

ሌሊት ውርጭ ወረደ። ማለዳ ብንሄድ መሬቱ ሁሉ ነጭ፤
ሣሩ የቱ፣ ኖራው የቱ፣ የቱ ውርጭ!
ላቀው ራሱን ያዘ። ዘውገ ገመዱን እንደገና ፈታ።
ሶልያና ግን እጄን ለቃ፣ ሳታመነታ፣
ሄደች፣ ሄደች፣ ዞረች፤
ከማይታይ በር ፊት ቆመች፤
በዚያ ብርድ
ጫማዋን አወለቀች።